ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ሰው ምኞት

ገንዘብ ማግኘት ይከብዳል፤ ያገኙትን ገንዘብ በሚገባ ማውጣት ግን ከዚያ ይልቅ ይከብዳል። ለማግኘቱ ትጋት ይበቃል፤ ለማውጣቱ ግን ራስን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ዕቃ ለመግዛት ሲነሣ «ስንት ነው?» ብሎ ሻጩን ይጠይቃል፤ «ለእኔስ ምን ያህል ይጠቅመኛል?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሻጩ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን ግን ከገዢው በቀር ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ይህን ነገር ያለ ምሳሌ ከማብራራ፣ አንድ የታወቀ ዕቃ ይዤ ብናገር ይሻላል። ምሳሌዬም በዛሬ ጊዜ ብዙ ወጣቶች የሚመኙት፣ የበረሃ እሽቅድምድም መልክ የተሰጠው መካከለኛ ሞተር ብስክሌት ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን የዚህ መልክ ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ እንይ። ቴሪ ሳቢን የሚባል ፈረንሳዊ በ1977 ከአቢጃን እስከ ኒስ በተደረገ ውድድር ላይ በሰሐራ በረሃ መንገድ ጠፍቶበት ለጥቂት ከሞት ተረፈ። በረሃው ግን ልቡን ስለ ማረከው፣ ከፓሪስ ተነሥቶ ዳካር የሚደርስ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ውድድር አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች በ1978 መጨረሻ ከፓሪስ ተነሡ። ከተነሡት 182 ተሽከርካሪዎች በ1979 መጀመሪያ ዳካር የገቡት 74 ብቻ ነበሩ፤ አንድ ሞተረኛም በመንገድ ሕይወቱን አጣ። ሳቢን ራሱም በ1986 በዚያው ውድድር ላይ ሳለ በማሊ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። እንግዲህ ዛሬ በመደብር መስታወት ውስጥ ቆሞ የሚያብረቀርቀው መልክ የተወለደው በጥማት፣ በድካምና በሞት መካከል ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ውድድር በሞተር ብስክሌት ያሸነፈው ሲሪል ነቮ የነዳው ያማሃ ኤክስ ቲ 500 የተባለውን ነበር። ይህም ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከመደብር ሊገዛው የሚችል ተራ ሞተር ብስክሌት ነው። ነገሩን ልብ ብለን ብናስተውለው ያስደንቃል፤ በዚያን ጊዜ ተወዳዳሪው ተራው ሰው የሚነዳውን ይነዳ ነበር፤ ዛሬ ግን ተራው ሰው የተወዳዳሪውን የሚመስል ለመንዳት ይመኛል።

ያማሃ በ1983 በኒጀር አገር በሚገኘው በረሃ ስም «ቴኔሬ» ብሎ አንድ ሞተር ብስክሌት አወጣ። የዛሬው ቴኔሬ 700 የዚያ ልጅ ልጅ ነው። በአውሮፓ በ2019፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2020 ለገበያ ሲቀርብ የአሜሪካ ዋጋው 9,999 ዶላር ነበር። ሞተሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሆኖ 689 ሲሲ ነው፤ የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ ቤንዚን መያዣው 16 ሊትር ነው፤ ክብደቱም ቤንዚኑ ሲሞላ ከ200 ኪሎ ያልፋል። የነፋስ መከላከያው ቀጥ ያለ፣ መቀመጫው ረጅምና ጠፍጣፋ ስለ ሆነ፣ ላየው ሰው አሁን ከበረሃ የወጣ ይመስላል። እውነተኛው የውድድር ሞተር ብስክሌት ግን በደንቡ መሠረት ከ2011 ወዲህ ከ450 ሲሲ አይበልጥም፤ ክብደቱም ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ይህኛው የውድድሩ መልክ እንጂ ውድድሩ ራሱ አይደለም።

ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። በገበያ ሚዛን ብንመዝነው ለዋጋው የሚገባ ዕቃ ነው። የዋጋውም መቀነስ ምክንያት ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሲወጣ ሠሪዎቹ ብዙ ነገር ትተውለታል። የኋላ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ አልነበረውም፤ ቤንዚን መስጫውም በተራ ሽቦ የሚሳብ ነበር። ሞተሩ በከተማ ከሚነዳ ከሌላ የያማሃ ሥራ የተወሰደ ስለ ሆነ መካኒኮች ያውቁታል። በ2021 አሜሪካ የገባው የኦስትሪያው ኬቲኤም 890 አድቬንቸር አር ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ሲጠየቅበት፣ የተሻለ አሞርዛተርና ብዙ የኤሌክትሮኒክ ረዳት ነበረው። የቻይናው ሲኤፍሞቶ 450 ደግሞ ኃይሉ ቢያንስም ከ7 ሺህ ዶላር በታች ለገበያ ቀርቧል። የገበያው ነገር ይህን ያህል ነው፤ ሻጩም ስለዚህ በደንብ ያስረዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በአሜሪካ አገር ቀን እየሠራ ማታ የሚማር የእኅቴ ልጅ ስለዚሁ ሞተር ብስክሌት ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ልግዛው ወይስ አልግዛው?» ይላል። ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱ ያጠራቀመው ነበር።

እኔም «አትግዛ» አላልኩትም፤ አብረን እናስላ አልኩት እንጂ። ከግብር በኋላ በሰዓት 20 ዶላር ያገኛል። የሞተር ብስክሌቱ ዋጋ ከራስ ቁሩ፣ ከጫማው፣ ከልብሱና ከኢንሹራንሱ ጋር 12 ሺህ ዶላር ቢሆን፣ ይህ 600 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 75 የሥራ ቀን ማለት ነው። የሚከፍለው እንግዲህ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ከዕድሜው ተቆርጦ የማይመለስ 75 ቀን ነው።

ቀጥዬ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ወደ ኮረኮንችና ወደ ገጠር መንገድ እንደ ወጣ ጠየቅሁት። አራት ቀን በጓደኛው ሞተር ብስክሌት ወጥቷል። እንዲሁ ከቀጠለ በአምስት ዓመት 20 ቀን ይሆናል፤ ለያንዳንዱ ቀን 600 ዶላር ማለት ነው። ሲሸጠው ግማሹ ቢመለስለት እንኳ 300 ዶላር ነው፤ ተከራይቶ ቢሄድ ግን ከዚህ ባነሰ ይሄዳል። ነገር ግን ያንኑ ሞተር ብስክሌት ሌላ ሰው ወደ ሥራው እየሄደበት በዓመት 200 ቀን ቢነዳው፣ በአምስት ዓመት ለያንዳንዱ ቀን የሚደርስበት 12 ዶላር ብቻ ነው። ዕቃው አንድ ነው፤ ፋብሪካውም አንድ ነው፤ ነገር ግን ለአንዱ ርካሽ፣ ለሌላው እጅግ ውድ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው፣ የዕቃ እውነተኛ ዋጋ የሚጻፈው በመደብሩ ወረቀት ላይ ሳይሆን በገዢው አኗኗር ላይ መሆኑን ነው።

የእኅቴ ልጅ ግን ብልህ ስለ ሆነ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፤ «ጋሼ፣ ሰው ሁሉንም ነገር በሂሳብ እያካፈለ ከኖረ ደስታው የት አለ? የበረሃው ሰዎችስ ቢያሰሉ ኖሮ ከፓሪስ ይወጡ ነበርን?»

ይህ መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ደስታም ጥቅም ነው። ከሚያስፈልገው በቀር ምንም የማይመኝ ወጣት ቆጣቢ ቢባልም፣ ልቡ ያለ ጊዜው ያረጀ ነው። ዳሩ ግን ደስታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የማድረግ ደስታ ነው፤ ሁለተኛው የመምሰል ደስታ ነው። የማድረግ ደስታ እየዋለ ሲያድር ያድጋል፤ ትናንት በአሸዋ ላይ የወደቀ ዛሬ ሳይወድቅ ሲያልፍ ደስታው ይጨምራል። የመምሰል ደስታ ግን በተገዛበት ቀን ከጫፍ ደርሶ፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይቀንሳል፤ አዲስ መልክ ያለው ሌላ ዕቃ ሲወጣም ጨርሶ ይጠፋል። የበረሃው ሰዎች ዋጋ የከፈሉት ለማድረግ ነበር።

ሁለቱን ለመለየት አንድ መፈተኛ አለኝ፤ «ማንም ሳያየኝ፣ ፎቶግራፍም ሳልነሣ፣ ለማንም ሳልነግር ብነዳው እወደዋለሁን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። መልሱ «አዎን» ከሆነ ምኞቱ የራስ ነው፤ ዋጋ ሊከፈልለትም ይገባል። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ግን የምንገዛው የሰው ዓይን ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ ነገ ወደ ሌላ ይዞራል።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። የእሽቅድምድም መልክ ያለው ሞተር ብስክሌትም ነጂውን ጎበዝ አያደርገውም። የመቀመጫው ከፍታ 87 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ እግሩ መሬት በደንብ የማይደርስለት ጀማሪ ቆሞ ሳለ እንኳ ከነሞተር ብስክሌቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ 10 ሺህ ዶላር ለብረቱ አውጥቶ ጥቂት መቶ ለመማር የሚሳሳ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ገንዘቡንም ያጣል፤ አካሉንም ለጉዳት ያጋልጣል።

የእኅቴ ልጅ የትምህርቱን ገንዘብ እስካሁን አልነካውም፤ ሞተር ብስክሌቱን ግን አሁንም ይመኛል። ትምህርቱን ሲጨርስ ይገዛው ይሆናል። ቢገዛው አልወቅሰውም፤ እንዲያውም የሄደበትን መንገድ እንዲጽፍልኝ እለምነዋለሁ።

አንተም ወጣት አንባቢ፣ የልብህ ምኞት ሞተር ብስክሌት ወይም ሰዓት ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ምኞትህን አትናቀው፤ ነገር ግን ሳትመረምረው አትክፈልለት። ስንት የሥራ ቀን እንደሚወስድብህ ቁጠር፤ ስንት ቀን እንደምትገለገልበትም ቁጠር፤ በእርሱ ፋንታ የሚቀርብህ ነገር ምን እንደ ሆነም በስሙ ጥራው። ይህን አድርገህ ሳለ አሁንም ከወደድከው፣ ግዛው፤ ከገዛኸውም በኋላ አቧራ ላይ አውጣው እንጂ በመጋረጃ ሸፍነህ አታስቀምጠው።