ብታሸንፍስ፣ የማን ብር ነው?

 

ነገ ቅዳሜ ነው። ከለገዳዲ እስከ ቡራዩ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ብዙ ወጣት ከቀትር ጀምሮ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ይውላል። ኳስ ማየት ብቻ ቢሆን ባላወራንበት። ግን ዳኛው ፊሽካ ከመንፋቱ በፊት ብር ተመድቧል፤ በቀን ሥራ የተገኘ፣ ባጃጅ ሲነዳ ተውሎ የመጣ፣ ወይም እናት «ለትራንስፖርት» ብላ የሰጠችው ብር። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤቲንግ እናውራ።

ስለ ቤቲንግ ስንመከር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ መበላት ነው። ገንዘብህ ያልቃል፣ ዕዳ ውስጥ ትገባለህ፣ ትዳርህ ይናጋል እንባላለን። እውነት ነው፤ በየሰፈራችን አይተነዋል። ግን ይህ ምክር ብቻውን ሲቀር «እኔ በልኬ ነው የምጫወተው፤ ደግሞ አልፎ አልፎ ይገባልኛል» ለሚለው ወንድማችን መልስ የለውም። እንግዲያው ጥያቄውን እንገልብጠው። ወንድሜ፣ ብታሸንፍስ? ያ ብር የማን ነው?

እስቲ ሒሳቡን እንይ። አንድ ጨዋታ ላይ «ከ2 ጎል በላይ ይቆጠራል» ለሚልም «አይቆጠርም» ለሚልም እኩል 1.85 ኦድ ተሰጠ እንበል። አንተ 100 ብር መደብክ፤ የማታውቀው ሌላ ልጅ በተቃራኒው 100 ብር መደበ። አቋማሪው 200 ብር ያዘ። ለአሸናፊው 185 ብር ከፍሎ 15 ብር ለራሱ ያስቀራል። አንተ አሸነፍክ እንበል። ያተረፍከው 85 ብር ከድርጅቱ ካዝና አልወጣም። የወጣው ከዚያ ልጅ ኪስ ነው። እሱም እንዳንተው የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ በሶላት ሶፍ ላይ ከጎንህ የሚቆም ሊሆንም ይችላል።

የለገዳዲ ግድብ ውሃ በአንድ ጊዜ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከየጅረቱ ተጠራቅሞ ነው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው። የቤቲንግ ብርም ከየሰፈሩ በ10 እና በ20 ብር ይጠራቀማል። ልዩነቱ፣ የግድቡ ውሃ ለብዙ ቤት ቧንቧ ይደርሳል፤ ይኼኛው ግን ከብዙ ቤት ተወስዶ ለጥቂቶች ነው የሚደርሰው።

«በ10 ብር 4,700 ብር የሚያስገኝ ትኬትስ?» ትል ይሆናል። በዚያው 1.85 ኦድ 10 ጨዋታ ብትደረድር በ10 ብር የሚከፈልህ ወደ 4,700 ብር ገደማ ነው። የእያንዳንዱ ጨዋታ ዕድል ግማሽ በግማሽ ከሆነ አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል ከ1,024 አንዱ ነው። ክፍያው ከዕድሉ ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ 10,240 ብር ሊደርስህ ይገባ ነበር። ሌላም አለ። ዘጠኙ ገብተው አንዱ ብቻ የመሳቱ ዕድል አሥሩም ከመግባታቸው ዕድል 10 እጥፍ ይበልጣል። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የምትለው ለማሸነፍ ስለተቃረብክ እንዳይመስልህ። ትኬቱ ሲሠራ ጀምሮ ከማሸነፍ ይልቅ ያ ጸጸት አሥር ጊዜ እንዲደጋገም ሆኖ ነው የተሠራው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመልስህም እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁርኣን እንምጣ። በሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር ለሰዎች የተወሰነ ጥቅም እንዳላቸው አልካደም፤ ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ግን ነገረን። በሱረቱል ማኢዳህ 90 እና 91 ደግሞ ፈጽመን እንድንርቃቸው አዘዘ፤ ምክንያቱንም ገለጸ። ምክንያቱ ምን ነበር? «ገንዘባችሁን ታጣላችሁ» የሚል አይደለም። ሸይጧን በመካከላችን ጠብንና ጥላቻን ሊያስገባ፣ ከዚክርና ከሶላት ሊያዘናጋን ነው የሚፈልገው። ይህ የሚነካው የተበላውን ብቻ አይደለም፤ የበላውንም ነው።

«ተስማምተን ነው የተጫወትነው» ይባላል። በሱረቱ ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ ግን በመዋደድ የተፈቀደልን ንግድ ነው። ከመርካቶ ሽንኩርት ስትገዛ አንተ ሽንኩርቱን፣ ነጋዴው ብሩን ይዛችሁ ትለያያላችሁ፤ ሁለታችሁም የፈለጋችሁትን አግኝታችኋል። በቤቲንግ ግን አንዱ የሚስማማው ሌላው እንዲያጣ ተመኝቶ ነው።

«ታዲያ እቁብስ ዕጣ አይደለም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። 10 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። ሁሉም 10,000 ብር ይጥላል፣ ሁሉም 10,000 ብር ይወስዳል። ማንም የማንንም አይበላም። ስለዚህ ሐራም ያደረገው ዕጣ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ማግኘት በሌላው ማጣት ላይ መቆሙ ነው።

«መንግሥት ፈቅዶት የለ?» የሚልም አለ። አዎ፣ ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከ1,000 ብር በላይ የሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቲንግ ቤቶችን ዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ግን ቤቱ ቢዘጋም ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው። የዕድሜ ገደብ፣ የማስታወቂያ ቁጥጥር፣ ትምህርት ቤት አጠገብ እንዳይከፈት መከልከል፣ እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ልንደግፋቸውም ይገባል፤ ታናናሾቻችንን ይጠብቃሉና። ሕግ ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል። ፈቃዱ የሚናገረው ግን ማን መሸጥ እንደሚችል ነው። ያሸነፍከውን ብር ሐላል አያደርግልህም።

«እኔ እኮ በዕድል አይደለም፤ ቡድኖቹን አጥንቼ ነው» ለሚለው ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። ሩሞች በፋርሶች በተሸነፉ ጊዜ ሱረቱ ሩም ወረደች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው እንደሚያሸንፉም ተናገረች። የመካ ሙሽሪኮች ሲያስተባብሉ አቡበክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) በግመሎች ተወራረዱ። ቲርሚዚ በዘገቡት መሠረት ይህ የሆነው ቁማር ከመከልከሉ በፊት ነው። ሩሞችም አሸነፉ። አስብ እስቲ፤ የአላህን ቃል ከያዘ ሰው በላይ እርግጠኛ ማን አለ? ሆኖም በኋላ ክልከላው ሲመጣ «በደንብ የሚያውቅ ሲቀር» የሚል አልተጨመረበትም። ያንተ ጥናት ደግሞ የአንድ ተጫዋች ጉልበት ሲጎዳ የሚፈርስ ነው።

ዛሬ ነገሩ ከኳስ አልፏል። ፖሊማርኬት በተባለው መድረክ ላይ በ2024 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተወራርደዋል። ጦርነት መቼ ያበቃል፣ ተኩስ አቁም ይኖራል ወይ በሚሉትም ላይ ይወራረዳሉ። «ተኩስ አይቆምም» ብሎ ብር የመደበ ሰው ለዚያ አገር ሕዝብ ሰላም ከልቡ ዱዓ ማድረግ ይችላል? ገንዘብህን ያስቀመጥክበት ቦታ ልብህን ይስበዋል።

ስለዚህ ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ፦

መተግበሪያውን አጥፋው። «አንድ ትኬት ልመልስበት» አትበል፤ የተበላኸውን ሌላ ሰው እንዲከፍልልህ መፈለግ ነው።

የቴሌግራም ኮድ አታጋራ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጓደኛውን «ና እንቋመር» ያለ ሰው ሰደቃ እንዲሰጥ አዘዋል፤ መጋበዙ ብቻ ይህን ካስከተለ፣ መቶዎችን የሚጋብዝ ሰው እንዴት ይሆን?

ያሸነፍከው ብር በእጅህ ካለ ለሚያስፈልጋቸው ስጠው። ምንዳ የምትጠብቅበት ሰደቃ ሳይሆን ያንተ ካልሆነ ነገር መገላገያ አድርገው። ዝርዝሩን የሰፈርህን ኡስታዝ ጠይቅ።

ዕዳ ውስጥ የገባ ጓደኛ ካለህ አትሳቅበት፣ ምስጢሩንም አትበትን። ነገ ኳሱ ሲጀመር ብቻውን አትተወው፤ ሻይ ጋብዘው፣ ዐስርን አብራችሁ ስገዱ።

ሪዝቅህ በሌላ ወንድምህ መበላት ላይ አልተጻፈም። አላህ በሐላሉ ከሐራሙ ያብቃቃን፣ ለተፈተኑት ወንድሞቻችን መውጫውን ያቅልላቸው፣ ከአንዳችን ለአንዳችን ማጣት ከመመኘት ልባችንን ይጠብቅልን። አሚን።