መዝገባችሁን በፍላሽ ላንጠለጠላችሁ

የነቀምት፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎና የሻምቡ ነጋዴዎች፣ የቁጠባ ማኅበር ሥራ አስኪያጆች፣ የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፤ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። የማወራው ስለ ዳታቤዝ ሶፍትዌር ቢሆንም የምገሥጸው ልባችሁን ነው። የሰው ገንዘብ፣ የሰው ዕዳ፣ የሰው ሕመም ተቀብላችሁ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ስትጠየቁ “ልጁ ያውቀዋል” ትላላችሁ።

ልጁ ማን ነው? ኮምፒዩተሩን የሸጠላችሁ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው፣ ወይም የሚስታችሁ ወንድም። የድርጅታችሁን መዝገብ ምን እንደሚሸከመው የመረጠው እሱ ነው። እናንተ የጠየቃችሁት “ስንት ነው?” ብቻ ነበር። “ለእናንተማ በነፃ” አለና ክራክ የተደረገ ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ጫነላችሁ። የይለፍ ቃሉን እሱም ካሸሯም ያውቁታል፤ ሳይረሳ እንዲቆይ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ልጁ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲገባና ስልኩን ሲቀይር፣ ኦቦ እገሌ በየወሩ መጨረሻ ሒሳብ አልዘጋ ሲላቸው ማንን ይጥሩ?

እሁድ በቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ በመስጊድ የፊት ረድፍ የእናንተ ነው። ልጆቻችሁን “አትስረቅ” ብላችሁ ታሳድጋላችሁ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው የሰው ሥራ መሆኑን ግን መስማት አትፈልጉም። “አቅም የለንም” አትበሉኝ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝም ሆነ የማይኤስኪውኤል ነፃ እትም ያለ አንዳች የፈቃድ ክፍያ፣ ሳይሰረቁ ይገኛሉ። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ከጀርባው የሚሠራው በፖስትግሬስ ነው። ያን ሁሉ ጤና ጣቢያ የቻለ ዳታቤዝ የእናንተ የሲሚንቶ መጋዘን አይከብደውም። ገንዘብ የሚጠይቀው ባለሙያው ነው፤ እሱን መክፈል ነው ያልወደዳችሁት። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደጃችሁ ላይ ያስተምራል፤ ተመራቂው ግን ከእናንተ የሚሰማው “ና እስቲ ይቺን ፎርማት አድርግልኝ” የሚለውን ነው።

በሌላ በኩል የበደላችሁም አላችሁ። ቦሌ ላይ ያለ ድርጅት የሚጠቀምበትን አይታችሁ፣ ያለ ኢንተርኔት አንድ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሶፍትዌር በዓመታዊ ክፍያ ገዛችሁ። 2012 ዓ.ም.ን ረሳችሁት? በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ማለቂያ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረም። በምሥራቅ ወለጋም ቢሆን በትልልቆቹ ከተሞች ከመደወልና ከአጭር መልእክት ያለፈ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ደግሞ አገሩ ሁሉ ለሳምንታት ኢንተርኔት አጣ። ይህን ያየ ሰው ሶፍትዌር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ኔትወርክ ሦስት ወር ቢጠፋ ቢሮዬ ውስጥ ባለው ኮምፒዩተር ብቻ ሥራዬን እቀጥላለሁ ወይ?” ብሎ ነው። መዝገቡ እዚሁ ሆኖ፣ መስመር ሲመጣ ቅጂውን ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ አሠራር አለ። ሻጩን አልጠየቃችሁትም፤ እሱም አልነገራችሁም። ከእናንተ ጋር ያን ጊዜ ያሳለፈ ሰው አይደለማ።

ስለ መብራት ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ነው። ደህና ዳታቤዝ ለውጡን አስቀድሞ በመዝገብ ይጽፍና ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ፋይል የሚነካው። ስለዚህ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ፣ ሲመጣ ካቆመበት ራሱን ያስተካክላል። በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራችው የእናንተ ፋይል ይህ የላትም፤ 2 ጊጋባይት ስትሞላም ትቆማለች። ኤክሴልማ ይቅር። በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ሕሙማን ከዕለታዊ ሪፖርት የቀሩት የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይዝ ነበር።

እስቲ አሁን የዱቤ መዝገባችሁን ክፈቱ። ጥላሁን የሚባል ጀንፈል አቅራቢ አለ እንበል። ካሸሯ በቁቤ ስትጽፈው ስሙ በኤክስ ይጀምራል፤ ከባንክ ደብተሩ ስትገለብጠው በቲ፤ ሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ በአማርኛ ይከትበዋል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ያያል። ቅድሚያ ገንዘብ የወሰደው አንዱ ነው፣ ቡና ያስረከበው ሌላው ነው፣ ትርፍ ክፍያ የሚጠብቀው ሦስተኛው። ገበሬው ሲመጣ “በስምህ ዕዳ እንጂ ርክክብ የለም” ትሉታላችሁ። ይምላል፣ ታቦት ይጠራል፤ እናንተም ስክሪኑን አዙራችሁ “ኮምፒዩተሩ ነው የሚለው!” ትላላችሁ። ኮምፒዩተሩ ምንም አላለም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የማይደገም ቁጥር ሳትሰጡ፣ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ለየብቻ የሚያስገባ ቅጽ ሳትጠይቁ፣ ፈረንጅ ለራሱ ስም የሠራውን ተቀብላችሁ ገበሬውን የበደላችሁ እናንተ ናችሁ። ፕሮግራሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ ጳጉሜን 5 ቀን የተረከባችሁትን በየትኛው ቀን ነው የምትጽፉት?

ነገ ደግሞ የባሰ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ ነጥብ ተመዝግቦ መቅረብ አለበት። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ተገፋ እንጂ ሕጉ አልተሰረዘም። ጥላሁንን ከጥላሁን ያልለየ መዝገብ የማሳውን ነጥብ በማን ስም ሊይዝ ነው? የነቀምት ቡና በስሙ የታወቀው በገበሬው ድካም ነው፤ በእናንተ ዝርክርክነት ከገበያ ቢወጣ ማን ይጠየቃል?

“ትልልቆቹስ ይሳሳቱ የለም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ይሳሳታሉ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ፣ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያዛውሩ አደሩ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ ግን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ብር እንዳንቀሳቀሰ ከመዝገቡ ነቅሶ አወጣ፤ አልመልስ ያሉትን ስምና ፎቶ ለጠፈ፤ አብዛኛውንም አስመለሰ። በእናንተ ቤት ሰኞ ዕለት የአንድ ሰው ዕዳ ከተሰረዘ ማን እንደሰረዘው ማክሰኞ የሚናገር ነገር አለ? ሁሉም በአንድ ስም፣ በአንድ ይለፍ ቃል ነው የሚገባው። አንዳንዳችሁ ይህን የምትወዱት ሆን ብላችሁ ነው፤ አንዱ ፋይል ለገቢዎች፣ አንዱ ለራሳችሁ ነዋ። የክሊኒክ ባለቤቶች ደግሞ የኤችአይቪ ውጤት ያለበትን ፋይል ካርድ ክፍል ውስጥ ለገባ ለወጣው ከፍታችሁ ትተዋላችሁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም የሰማችሁ አትመስሉም።

የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት እዚያው ነቀምት ቆሞላችኋል። የዚያ ቤት ደብዳቤዎች በአማርኛ፣ በቀለም፣ በወረቀት የተጻፉ ናቸው፤ ከዘመናት በኋላ የታሪክ ምሁራኑ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰናድተው አሳተሟቸው፤ ማንበብ የሚችል ዛሬም ያነባቸዋል። እናንተ በ1990ዎቹ በፓወር ግዕዝ ያስከተባችሁት የደንበኛ ዝርዝር ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ካገኘ ሩብ ምዕት ዓመት አለፈው፤ ያን ዝርዝር ግን ማንም አልገለበጠውም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ እናንተ አደራውን በቁልፍ መያዣ ላይ ከምትወዛወዝ አንዲት ፍላሽ ጋር አስራችሁ ጠጅ ቤት ትገባላችሁ።

ተመለሱ! ንስሐ በሉት ተውበት፣ አፍ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ የበደሉትን መካስ አለበት። በዱቤ መዝገብ ስሙ የተሰነጠቀ ገበሬ ካለ ሒሳቡ ከነደረሰኙ ተመርምሮ የቀረበት ይከፈለው። የተሰረቀው ሶፍትዌር ይነሣ። ካሸሯም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ እናንተም ለየብቻ መግቢያ ይኑራችሁ፤ ሁለተኛው ፋይል ይጥፋ። ይህን ለመሥራት የሚቀጠረው ባለሙያ ደግሞ የሠራውን በወረቀት ጽፎ ያስረክብ፤ ቢሄድ ሌላው አንብቦ እንዲቀጥል።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዝጉ። “ባክአፕ” የምትሏትን ፍላሽ አምጡና፣ ዋናውን ኮምፒዩተር ሳትነኩ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መዝገቡን መልሱት። ከተመለሰ የአንድ አቅራቢ ሒሳብ አትማችሁ ሰውየውን ጥሩት፤ እሱ ከያዘው ደረሰኝ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ካልተመለሰ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ሳይወጣ፣ ጀንፈል ጭነው የመጡትን ሰብስባችሁ፣ “ሒሳባችሁን የያዝንበት ነገር የሚታመን አይደለም፤ የሰጠናችሁን ወረቀት እንዳትጥሉ” ብላችሁ በአፋችሁ ንገሯቸው።