ቁልፉ በማን እጅ?

ፖሊስ ብረት ለበስ መኪና መያዙ ነውር ነውን? አይደለም። በተኩስ መካከል የወደቀን ቁስለኛ ያለ መከለያ አውጣ ብሎ ፖሊሱን መላክም ግፍ ነው። ለመሆኑ ለአንድ ቀን ጭንቅ የተገኘ መሣሪያ በማግስቱ ምን ይሠራል?

የሎስ አንጀለስን ነገር እንይ። ከተማዪቱ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክን ስታስተናግድ ፖሊሷ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ያዘ። እንግዶቹ ሄዱ፤ ተሽከርካሪው ቀረ። በፌብሩዋሪ 1985 ረጅም የብረት መደርመሻ ተገጥሞለት፣ ፓኮይማ በሚባል ሰፈር ኮኬይን ይሸጥበታል የተባለን ቤት ግድግዳ ጥሶ ገባ። የፖሊስ አዛዡ ዳሪል ጌትስ ራሳቸው ተሳፍረውበት ነበር። ውስጥ የተገኙት ሴቶችና አይስክሬም ይበሉ የነበሩ ሕፃናት ናቸው።

በእግሩ የመጣ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ የሕፃን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ጥይት እንዳያስገባ የተሠራው ብረት ግን ድምፁንም ይከለክላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ጀግንነት ብለው የሚያወድሱትም አይጠፉም።

በ1987 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊስ ያለ ዳኛ ቅድመ ፈቃድ በመደርመሻው እንዳይጠቀም ወሰነ። እንግዲህ ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት፣ ከብረቱ ውጭ የተቀመጠ አንድ ሰው ‹‹ቤቱ ውስጥ ማን አለ?›› ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን አገኘ።