የዓመት ፈቃዳችን የማን ነው?



በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንዳንድ ቀን ይጨምርለታል። ይኸው አዋጅ እናቱ ወይም አባቱ የሞቱበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ 3 የሥራ ቀናት ከሥራ እንዲቀር ይፈቅዳል። እናት በሕይወት ሳለች ሄዶ ለመጠየቅ ግን የተለየ ቀን የለም። ይህን ያነሳሁት ሕጉን ለመክሰስ አይደለም፤ ሕግ ሁሉን ነገር ቆጥሮ ሊጨርስ አይችልም። እሱ ያልቆጠረውን የምንቆጥረው እኛው ነን። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እነዚያ 16 ቀናት የባልና የሚስቱ የግል ንብረት ናቸው? ወይስ ሌሎችም ባለሐቆች አሉባቸው?

ጥያቄው በእኛም ቤት በየዓመቱ ይነሳል። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለታችንም ተቀጥረን የምንሠራ ነን። የእኔ ወላጆች ደሴ ናቸው፤ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል። የእሷ ጅማ ናቸው፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንዱን ጠይቆ በዚያው ወደ ሌላው ማለፍ አይቻልም፤ አዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና መነሳት ነው። በዚህ ላይ አላህ ይመስገንና አንድ ጊዜ ኢስታንቡልን የማየት ዕድል አግኝተን ስለነበር፣ ፈቃድ በደረሰ ቁጥር «ዘንድሮስ?» የሚል ሦስተኛ ሐሳብ በመካከል ይገባል።

አንድ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለው። «ዓመት ሙሉ የለፋሁት እኔ ነኝ። ለወላጆቼ በየወሩ በቴሌብር ገንዘብ እልካለሁ፤ በየጁሙዓው እደውላለሁ። ፈቃዴ ግን የእኔና የባለቤቴ ነው። ቤተሰብ ዘንድ መሄድ ዕረፍት አይደለም፤ ደክሜ ሄጄ የባሰ ደክሜ እመለሳለሁ» ይላል። ይህ ሰው ሶላቱን የማያጓድል፣ እጁም የማይቆጥብ ነው። ስለዚህ ንግግሩን የዱንያ ወዳድ ንግግር ነው ብሎ መተው አይገባም። ደግሞም ከተናገረው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው።

እውነት የሆነውን ላስቀድም። ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚሆኑበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። በከተማ ኑሮ ከትራንስፖርት ሰልፍ፣ ከቤት ኪራይ ጭንቀትና ከልጆች ትምህርት ቤት ጣጣ ተርፎ የሚነጋገሩበት ሰዓት የላቸውም። እኛ ኢስታንቡል ሳለን በቦስፎረስ ጀልባ ላይ ተቀምጠን ያወራነውን ያህል አዲስ አበባ ውስጥ በስድስት ወር አላወራንም። በሱልጣን ሱለይማን ዘመን መሐንዲሱ ሲናን ሠርቶ በ1557 እ.ኤ.አ ያጠናቀቀውን የሱለይማኒያ መስጊድ አብሮ ቆሞ ማየትም የሚናቅ ነገር አይደለም። ቁርኣን ሰው በምድር ላይ እንዲጓዝና እንዲያስተውል በብዙ ቦታ ያዝዛል። ሽርሽር የካፊር ልማድ ነው የሚሉ ወንድሞች ይህን ትእዛዝ ለማን እንደተዉት አላውቅም።

ሰልማን አል-ፋሪሲ ሌት ተቀን በዒባዳ ተጠምዶ ቤተሰቡን የዘነጋውን አቡ ደርዳእን የመከረበት ታሪክ በቡኻሪ ተመዝግቧል። ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው፤ ለየባለሐቁ ሐቁን ስጥ የሚል ምክር ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የሰልማንን ቃል አጸደቁ። ወዳጄ ይህን ሐዲስ ለእሱ የሚመሰክር አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ ነፍስ ሐቅ አላትና! ነገር ግን ሐዲሱ ብዙ ባለሐቆችን አንድ ላይ ያቆመው የአንዱን ድርሻ ለሌላው እንዳንሰጥ ነው። የነፍስን ዕረፍት በወላጅ ሒሳብ መክፈል አይቻልም። የወላጅንም ሐቅ «ዕረፍት» በሚል ስም መዝግቦ ከራስ ድርሻ ላይ መቀነስ ስሌቱን ያበላሻል። የወዳጄ ስሕተት ኢስታንቡል መሄዱ ላይ አይደለም። ደሴንና ኢስታንቡልን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «የትኛው ያሳርፋል?» ብሎ መጠየቁ ላይ ነው። በዚህ ጥያቄ ደሴ ሁልጊዜ ትሸነፋለች። መሸነፏም ተገቢ ነው፤ የታመመ ጠያቂ ስለሚያርፍ አይደለምና የሚጠየቀው።

«ገንዘብ እልካለሁ፣ እደውላለሁ» ለሚለው ክርክር ኢብኑ በጡጣን ማስታወስ ይጠቅማል። ይህ ሰው በ1325 እ.ኤ.አ በ21 ዓመቱ ከትውልድ ከተማው ከታንጂር ለሐጅ ወጣ። ያን ጊዜ እናቱም አባቱም በሕይወት ነበሩ፤ መለየቱም እንዳስጨነቀው ራሱ ተርኳል። ሐጁን ፈጸመ፤ ግን አልተመለሰም። የእኛን ጎረቤት ዘይላን አየ፤ መቋዲሾና ኪልዋ ደረሰ፤ ዴልሂ ላይ ቃዲ ሆነ፤ በማልዲቭ ደሴቶችም ፈረደ። በ1348 እ.ኤ.አ ደማስቆ ሲደርስ አባቱ ከሞቱ 15 ዓመት እንዳለፋቸው ተነገረው። በተከታዩ ዓመት ወደ አገሩ ሲቃረብ፣ ታዛ በምትባል ከተማ እናቱ በወረርሽኙ መሞታቸውን ሰማ። ታንጂር የገባው መቃብራቸውን ለመዘየር ሆነ።

በዚህ ሰው ላይ ፍርድ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። ጽሑፉ ባይኖር ስለዚያ ዘመን የምናውቀው ምን ያህል በቀነሰ! ነገር ግን የየአገሩን ቃዲ በስም የሚያውቅ ሰው የገዛ ቤቱ ወሬ 15 ዓመት ዘግይቶ ደረሰው። የእኛ ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ወሬው በሰከንድ ይደርሰናል። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ከሰዓት በፊት እሰማለሁ። ታዲያ ወሬው ስለደረሰን የደረስን ይመስለናል! በስልክ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱ ሊላህ» የምትል እናት ግን ግድግዳ ይዛ ከክፍል ወደ ክፍል እንደምትሄድ በስልክ አይታይም። መድኃኒቷን ግማሽ ግማሽ እየቆረሰች እንደምትቆጥበው ቴሌብር አይናገርም። ያን የሚያየው ቤቷ ያደረ ብቻ ነው።

መንገዱም ቢሆን ሁልጊዜ እኛን አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴን ሲያጥለቀልቅ፣ ከተማዋ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከአንድ ወር በላይ መንገዷ ተዘጋ። «ለዒድ እሄዳለሁ»፣ «ሲበርድ እሄዳለሁ» ሲል የቆየ ስንቱ የአዲስ አበባ ነዋሪ በእነዚያ ሳምንታት በጣርማ በር በኩል እንዴት እንደሚያልፍ ሲጠይቅ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ኢስታንቡል ያነሳ ሰው አላስታውስም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። መጠየቅ ሐቅ ነው ካልን፣ የማን ወላጅ ነው የሚቀድመው? በብዙ ቤት መልሱ ሳይጠየቅ የተመለሰ ነው፤ የባል። ዒድ አል-ፊጥር ከባል ወላጆች ጋር፣ ዒድ አል-አድሓ ከባል ወላጆች ጋር፣ ለሚስት ወላጆች የተረፈው። ስለ ሲለቱ-ረሒም በመስጊድ የምንሰማው ዳዕዋ ወንዱንም ሴቷንም እኩል ይመለከታል። ሚስት ለእናቷ ያለባት ግዴታ ስታገባ አይሰረዝም፤ ባልም ይህን የሚፈቅድና የሚከለክል ባለሥልጣን ሆኖ መቀመጡ አያምርበትም። «ወስጃት አልነበር ወይ?» የሚል ባል አለ። ወስዶ ያሳየው የራሱን ቸርነት ሳይሆን የእሷን ሐቅ ነበር።

ሌላም አለ። ባል ወላጆቹ ቤት ሲገባ ፍራሽ ላይ ጋደም ይላል፤ እህቶቹ ውኃ ያቀርቡለታል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ በፊቱ ይፈላል። ሚስቱ ግን «ሙሽራችን» እየተባለች ማጀት ትገባለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ አማቷ እንዳይታዘቧት ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች። ባለቤቴ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሳዋለች፤ «ለወንዱ ዕረፍት ነው፤ ለሴቷ ዝውውር ነው» ትላለች። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠየቅ በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ተናግራለች። ይህ ሱና የወላጅ ቤት ሲደርስ የሚቋረጥበት ምክንያት አይታየኝም። እናቱን ሊኻድም አራት መቶ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ልጅ ኺድማውን በሚስቱ እጅ አስፈጽሞ ምንዳውን ለራሱ ሊቆጥር ነው?

አንዳንዴ የሚደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው። ውጭ አገር ስንሄድ ሁላችንም ተማሪዎች እንሆናለን። ሕንፃው በማን ዘመን እንደተሠራ እንጠይቃለን፤ ሻዩ እንዴት እንደሚፈላ እንጠይቃለን፤ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ሳናጉረመርም እንቆማለን። ያው ሰው የትውልድ አገሩ ሲገባ ሁሉን የሚያውቅ ይሆናል። አባቱ የሚነግሩትን ታሪክ «ሰምቸዋለሁ» እያለ በስልኩ ላይ ያቀረቅራል። የሱለይማኒያን መሐንዲስ በስም የሚያውቅ ወጣት የአያቱን አባት ስም ሲጠየቅ ይደናገራል። ወሎ ውስጥ በ19ኛው መቶ ዘመን ታላላቅ ዓሊሞች ያስተማሩባቸው እነ ጌታ፣ እነ ዳና አሉ። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በወሎ የእስልምና ታሪክ ላይ በ2001 እ.ኤ.አ ያሳተሙትን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ከጽሑፍ መዛግብት በተጨማሪ ከአገሬው አዛውንቶች አፍ ሰምተው ነበር። እነዚያ አዛውንቶች የአንዳችን አያቶች ናቸው። እኛ ደግሞ እዚያው ቤት ገብተን ኔትወርክ የለም ብለን እናማርራለን። ለወላጅ የሚሰጠው ሐቅ ቀን ብቻ አይመስለኝም። ለባዕድ አገር የምንሰጠው ያ ጉጉትም የእነሱ ድርሻ አለበት።

ስለ ወጪው በአጭሩ ላንሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወደ ውጭ የሚደረገው ጉዞ ለብዙዎቻችን ራሱን በራሱ ዘግቷል። ይሁን እንጂ አገር ቤት መሄድም ርካሽ አይደለም፤ ትልቁ ወጪም ትራንስፖርቱ አይደለም። ለአጎት ጋቢ፣ ለአክስት ሻሽ፣ ለጎረቤት ስኳር ሳይያዝ ከተገባ ያሳፍራል ተብሎ ስንቱ ሰው ገንዘብ እስኪያጠራቅም ዓመት ያልፈዋል። በዚህ ጥፋቱ የዘመዶችም ነው። የጠያቂን እጅ ከፊቱ አስቀድሞ የሚያይ ዘመድ ጠያቂውን ራሱ ያባርራል። ከሳዑዲ ወይም ከቤሩት የሚመለሱ እህቶቻችን ደግሞ ይህን ሸክም በእጥፍ ነው የሚሸከሙት። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረባቸው የቤት ሠራተኞች ለመምጣት የሌላ ሰው ፈቃድ ሲጠብቁ ኖረው፣ በመጡ ጊዜ ሻንጣቸው ከፊታቸው ቀድሞ ይታያል። ለእነሱ «ኢስታንቡል ወይስ ደሴ?» የሚለው ክርክራችን ቅንጦት ሆኖ ቢሰማቸው አይፈረድባቸውም።

«በግዴታ የተደረገ ጥየቃ ምን ፍቅር አለው?» የሚል ተቃውሞም አለ። ወላጆቻቸው ያስቀየሟቸው፣ በሠርግ ወይም በውርስ የተጣሉ ሰዎች ይህን ያነሳሉ፤ ቀላል ቁስል አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዝምድናን ቀጣይ ብለው የጠሩት የተደረገለትን የሚመልሰውን ሳይሆን የቆረጡትን ዘመዶቹን የሚቀጥለውን ነው። ፍቅርን እንደ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጡም። ይህ ማለት የሚበድል አባት ዘንድ ሄዶ 16 ቀን መቀመጥ ማለት አይደለም፤ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጥቶ መመለስም ቅጠላ ነው። መጠኑን የሚወስነው ባለጉዳዩ ነው፤ ከሐቅ መዝገብ ላይ ጨርሶ መሰረዙን ግን አይወስንም።

በእኛ ቤት ዘንድሮ የተስማማነው እንዲህ ነው። አምናና ካቻምና ደሴ ስለቀደመ፣ አሁን ጅማ ይቀድማል፤ ለአሥር ቀን። ከዚያ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድረን ደሴ ለአንድ ሳምንት። ደሴ ስንደርስ ማጀት የምገባው እኔ ነኝ፤ እህቶቼ ከወዲሁ ሲስቁ ሰንብተዋል። የሁለታችን የግል ጊዜ ከሁለቱም ቤት ሳይቀነስ፣ ከዒድ ጋር በሚገጥሙ የእረፍት ቀናት አንድ ሦስት ቀን ተፈልጎ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ይሆናል። ኢስታንቡል ምንዛሪው ሲፈቅድ እናያለን፣ ኢንሻ አላህ። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ይከፋት ይሆን ብዬ ነበር። ብዙም አልተነጋገርንበት። ስልኩን ለባለቤቴ እንድሰጣት ጠየቀችኝና፣ ከጅማ ስትመለስ የእናቷን ጓሮ ቡና አንድ ሁለት ኪሎ ሳትቆላ እንድታመጣላት አዘዘቻት።