ግማሽ ሰቅልና ሰማያዊው ፖስታ

ኦሪት ዘጸአት ሃያ ዓመት የሞላው እስራኤላዊ ሁሉ ሲቆጠር ግማሽ ሰቅል ይስጥ ይላል፤ ባለጸጋው እንዳይጨምር፣ ድኻውም እንዳያጎድል። ቆጠራው ማን ጻድቅ እንደሆነ አይናገርም፤ ማን እንደተቆጠረ ብቻ ነው የሚናገረው። በምርጫ ቀን በእስራኤሏ ከተማ በአፉላ ከመከለያው ጀርባ የሚቆም ሰው በእጁ የያዘውም ይኸው ግማሽ ሰቅል ነው፦ አንድ ሰማያዊ ፖስታና የፓርቲው ፊደል የታተመበት አንዲት ፔቴክ (የድምፅ ወረቀት)። ምልክቱ እንደ አገር ቤት ንብ ወይም ሁለት ጣት አይደለም፤ የዕብራይስጥ ፊደል ነው። ማንበብ የማይችል አዛውንት የፊደሎቹን መልክ በዓይኑ ይዞ መግባት አለበት። ያቺ ወረቀት ካልፒው (የድምፅ ሣጥኑ) ውስጥ ከገባች በኋላ ግን ሕጉ ሌላ ሒሳብ ይጀምራል። ተሰጥቶ ያልተቆጠረ ድምፅ ምን ይባላል?

እስራኤል ሁለመናዋ አንድ የምርጫ ክልል ናት። አፉላ የራሷ ተወካይ የላትም፤ የምክር ቤቱ የክኔሴት 120 መቀመጫ የሚከፋፈለው እያንዳንዱ ዝርዝር በመላ አገሪቱ ባገኘው ድምፅ ልክ ነው። በየከተማው ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ከኢትዮጵያው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ይሻላል እላለሁ። በዚያ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ የተሸነፈ ሁሉ ባዶ እጁን ይሄዳል፤ በ2007 ዓ.ም. የፓርላማው ወንበር ሁሉ ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆኗል (ጥፋቱ የሥርዓቱ ብቻ ነው ባይባልም)። እስራኤል ግን በሩ ላይ ዘበኛ አቁማለች፦ አሁዝ ሃሐሲማ፣ የማለፊያ ገደብ። ድሮ 1 በመቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 3.25 ከፍ ተደረገ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው አቭራሃም ንጉሤ በ2006 የራሱን ዝርዝር ይዞ ቀርቦ ያኔ 2 በመቶ የነበረውን ገደብ አላለፈም፤ ክኔሴት የገባው በ2015 በሊኩድ ፓርቲ ዝርዝር ነው።

ገደቡ ግራ ቀኝ አይለይም። በሚያዝያ 2019 የነፍታሊ ቤኔት ፓርቲ «አዲሱ ቀኝ» 3.22 በመቶ አግኝቶ 1500 በሚያህል ድምፅ ውጭ ቀረ። በኅዳር 2022 የግራው ፓርቲ ሜሬጽ በ3.16፣ የአረቦቹ ፓርቲ ባላድ በ2.9 በመቶ ወደቁ፤ ሁለቱ ከ289 ሺህ በላይ መራጭ ነበራቸው። የኔታንያሁ ጎራ ከመራጩ ግማሽ ሳይሞላ 64 መቀመጫ ይዞ መንግሥት መሠረተ። የወደቀው ድምፅ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከክፍፍሉ ሲወጣ የሌላው ድርሻ ያብጣል። የድኻው ግማሽ ሰቅል በባለጸጋው ላይ ተጨመረ ማለት ነው።

የገደቡ ጠበቆች ያለ እሱ ምክር ቤቱ በትንንሽ ፓርቲዎች ይበጣጠሳል፣ መንግሥትም አይጸናም ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። ገደቡ ከፍ ካለ በኋላ ነው አገሪቱ ከሚያዝያ 2019 እስከ ኅዳር 2022 አምስት ጊዜ የመረጠችው። በሚያዝያ 2019 የተመረጠው ክኔሴት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ራሱን በትኖ ሕዝቡን እንደገና ጠራ። ያን ጊዜ የጎደለው የትንንሾች መቀነስ አልነበረም፤ ትልልቆቹ አብረው መቀመጥ አለመቻላቸው ነው። ሌሎች ደግሞ ገደቡ ያስተባብራል ይላሉ። በ2015 የአረብ ፓርቲዎች በአንድ ዝርዝር ገብተው 13 መቀመጫ ማግኘታቸው እውነት ነው። አልተባበርም ብሎ ዝርዝሩን የሚከፍለው ግን መሪው ነው፤ የሚቀጣው መራጩ።

ጠለቅ ያለው ተቃውሞ ከሃይማኖት የሚመጣው ነው፦ ቁጥር እውነት አይደለም። ከአፉላ ብዙም በማይርቀው በኢይዝራኤል በናቡቴ ላይ ለወይን ቦታው ሲባል በሐሰት የፈረዱት የከተማው ሽማግሌዎችና ታላላቆች ተሰብስበው ነበር፤ ጉባኤው ሞልቶ ፍርዱ ጠመመ። እስማማለሁ። ግን ብዙኃን ሊሳሳቱ ከቻሉ፣ ጥቂቶቹን ከጉባኤው በር መመለስ ስሕተቱን ያባብሳል እንጂ አያርምም። በሽምግልናም ቢሆን ወገንህ ጥቂት ነው ተብሎ ቃሉን ሳይሰጥ የሚሰናበት የለም።

ገደቡን ማንሳት ባይሆንላቸው እንኳ ሕግ አውጪዎቹ መራጩ ሁለተኛ ምርጫውን እንዲያመለክት ይፍቀዱለት፤ የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወድቅ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይለፍ። በፖስታው ውስጥ ለሁለት ወረቀት ቦታ አለ። ዛሬ የሁለት ፓርቲ ፔቴክ አንድ ላይ የከተተ ሰው ግን ድምፁ ይሰረዝበታል።