ሥራሽ በባልደረባ ዓይን ይታይ
ለአንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም

ልጄ፣ በተወለድሽባት በሐዋሳ የጥርስ ሐኪም ሆነሽ ሥራ ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ መሣሪያ ዋጋ የሚመክርሽ ሰው አታጪም። እኔ የምመክርሽ ስለ ሙያ ማኅበር ነው። ማኅበር ማለት መዋጮ ከፍሎ በዓመት አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ እንዳይመስልሽ።

አንድ ነገር ልብ በይ። የእኛ ታካሚ የተሠራለትን ሥራ ማየት አይችልም። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ለእጃችን ይሰጣል። የኋላ መንጋጋ ጥርሱ ሲሞላለት ላዩ አምሮ ይታየዋል፤ ከሥሩ ሳይጠረግ የቀረው ብስባሽ ግን የሚታወቀው ከወራት በኋላ ሲጠዘጥዘው ነው። ያን ጊዜም “ጥርሴ ደካማ ነው” ይላል እንጂ ሐኪሙን አይጠረጥርም። ሥራችንን በትክክል ሊመዝን የሚችለው ሌላ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነው። ማኅበር ያስፈለገን ለዚህ ነው፤ ታካሚው የማያየውን የሚያይለት ሰው እንዲኖር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ሥራሽን አትደብቂ የሚል ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲባል ለታካሚ ብቻ የተባለ አይምሰልሽ። የሥር ቦይ ሕክምና ሠርተሽ ያነሳሽውን ራጅ ለባልደረቦችሽ አሳዪ። ያማረውን ብቻ አይደለም፤ መሙያው ጫፍ ሳይደርስ የቀረውንም፣ ከጫፍ አልፎ የወጣውንም አሳዪ። አንድ ታላቅ ባልደረባ ጣቱን በራጁ ላይ አሳርፎ “እዚህ ጋ የቀረ ሌላ ቦይ አለ” ቢልሽ የሚቀጥለውን ታካሚ ጥርስ አትርፎልሻል።

የሙያችን ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ዓለም ያለ ሕመም ቀዶ ሕክምና ማድረግን የተማረው ከጥርስ ሐኪሞች ነው። አሜሪካዊው ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በራሱ ላይ ሞክሮ ጥርሱን አስነቀለ፤ ያወቀውንም ለሌሎች አካፈለ። ዊሊያም ሞርተን ደግሞ በጥቅምት 1846 ቦስተን ውስጥ በኤተር አንድ ታካሚ አደንዝዞ ሐኪሞችን ሁሉ አስደነቀ። ሞርተን ግን ኤተሩን ቀለምና ሽታ ጨምሮበት፣ “ሌቴዎን” የሚል ስም አውጥቶለት፣ ምንነቱን ሊሰውር ሞከረ። ቀዶ ሐኪሞቹ ምስጢራዊ መድኃኒት ለታካሚ መስጠት የሙያ ሥነ ምግባራቸው ስላልፈቀደላቸው ምንነቱን ካልነገርከን አንጠቀምም አሉት፤ እርሱም ተናገረ። እነዚያ ሐኪሞች ያን ቀን የጸኑት ማኅበራቸው ባቆመው ሥርዓት ነው። አንቺም ጥሩ ዘዴ ካገኘሽ ለገበያ ብለሽ አትሸሽጊው።

ማኅበርም ሊሳሳት እንደሚችል እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1840 የተመሠረተው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን አማልጋም የተባለውን ሙሌት አንጠቀምም ብላችሁ ፈርሙ አለ፤ እምቢ ያሉትን አባረረ። በማስረጃ ሊፈታ የሚገባውን ክርክር በፊርማ ሊዘጋው ሞክሮ በጭቅጭቅ ተዳከመና በ1856 ፈረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃያ ስድስት ሐኪሞች ተሰብስበው ሌላ ማኅበር ከአዲስ አቋቋሙ። ታላላቆችሽን አክብሪ፤ ነገር ግን “ስንሠራ የኖርነው እንዲህ ነው” ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ በትሕትና ከመናገር ወደኋላ አትበይ። እኛም ይህን ከእናንተ መስማት አለብን።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ባልደረባ ስም ነው። አንድ ቀን ሌላ ክሊኒክ የታከመ ጥርሱ ያበጠበት ሰው ይመጣልሻል። “ማነው እንዲህ ያበላሸው?” የሚለው ቃል ምላስሽ ላይ ይመጣል፤ ዋጪው። እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ ነገሩ ከሁሉም ወገን ሳይሰማ ፍርድ አይሰጡም። አንቺም መጀመሪያ ለሐኪሙ ደውዪለት፤ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንደቸገረው ጠይቂው። ምናልባት መሣሪያ ቦዩ ውስጥ ተሰብሮበት፣ ታካሚውን ተመለስ ብሎት ሰውየው ቀርቶ ይሆናል። ለታካሚው ግን ያየሽውን እውነት ሳትሸፋፍኚ ንገሪው፤ የራሱ አካል ነውና የማወቅ መብት አለው። ያ ባልደረባ መሣሪያውን በትክክል ከጀርም ሳያጸዳ የሚሠራ፣ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ንገሪው፤ ካልታረመ ለሚመለከተው አካል አመልክቺ። ወንድማማችነት የታካሚን ጉዳት መሸፈኛ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው፣ የአቅምሽን ልክ እወቂ። እብጠቱ ከመንጋጋ ወርዶ አንገቱ የጠነከረ፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ማታ ቢመጣብሽ አንቲባዮቲክ ጽፈሽ “ነገ ተመለስ” አትበዪው። እብጠቱ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። በዚያው ሰዓት ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ላኪው። ወረቀቱ ላይ ያየሽውን፣ የሰጠሽውን መድኃኒትና ሰዓቱን በሚነበብ ጽሕፈት ጻፊ፤ ወደምትልኪበትም ደውዪ።

አራተኛው ምክሬ የእኛ አካባቢ ጉዳይ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እናገረዋለሁ። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ እናቷ ታመጣልሻለች። የፊት ጥርሶቿ ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ አለ። እናቲቱ “አትፍቅም እኮ!” ብላ ልጇን ትቆጣታለች። ጥርሶቹን በደንብ እዪ፤ ቀለሙ በግራና በቀኝ ባሉት ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ እኩል ከሆነ የት እንዳደገችና ከየትኛው ጉድጓድ እንደጠጣች ጠይቂ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ውኃ የሚጠጣ ሕፃን ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ይለወጣል፤ ሲበቅል የሚታየው ቀለም በመፋቂያ አይለቅም። ውኃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያስወግድም። ይህን ስትነግሪያቸው ልጅቱ ከማይገባት ወቀሳ ትድናለች።

አንቺ ብቻሽን የአንዲትን ልጅ ጥርስ ታሳምሪያለሽ። የማኅበሩ አባላት ግን የየታካሚዎቻቸውን ቀበሌና የውኃ ምንጭ መዝግበው በአንድነት ለውኃና ለጤና ቢሮ ቢያቀርቡ የአንድ መንደር ልጆች ይድናሉ። ነገሩ ከጥርስም ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ፍሎራይድ የሠራተኞችን አጥንት ጭምር እንደጎዳ ታውቋል።

የግግ ነገርም እንዲሁ ነው። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው “ግግ ነው” ተብሎ ድዱ ይቀደዳል፤ ተቆፍሮ የሚወጣው ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥ አብሮ ይጎዳል፤ ንጹሕ ባልሆነው ስለትም ኢንፌክሽን ይገባል። እናትን አትቆጪ፤ ልጇን ለማዳን ብላ ያደረገችው ነው። በየዓመቱ መጋቢት 11 የዓለም የአፍ ጤና ቀን ሲከበር ትምህርት ቤት ሄዶ የጥርስ ብሩሽ ማደል መልካም ነው፤ ከባልደረቦችሽ ጋር ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያም ሂጂና ለእናቶች ይህን አስረጂ።

እንግዲህ ልጄ፣ በዚህ ዓመት ሥራዬን እዪልኝ የምትዪው አንድ ታላቅ ሐኪም ያዢ። ከማኅበሩ ስብሰባ አትቅሪ፤ ስትሄጂም የቸገረሽን ታካሚ ጉዳይ ይዘሽ ሂጂ። ነገ ካንቺ ኋላ የሚመጣ ወጣት ራጅ ይዞ በርሽን ሲያንኳኳ ጊዜ የለኝም አትበዪው፤ ሙያችን እዚህ የደረሰው በሩን የከፈቱልን ስለነበሩ ነው። እጅሽ ይባረክ፤ ያመነሽ ሰው አይፈርብሽ፤ በሥራሽ የሚያርምሽ ባልደረባ አያሳጣሽ።