በማለዳ ስለሚሰማ ዜና

ቀድሞ ዜና በእግር ይሄድ ነበር። ከኢየሩሳሌም የተመለሰ ተሳላሚ፥ ከምፅዋ የወጣ ነጋዴ የሩቁን አገር መከራ በወራት ዘግይቶ ለአባቶቻችን ይነግራቸው ነበር፤ እነርሱም እሳት ዳር ተቀምጠው አገሩን፥ የሕዝቡን ጠባይ፥ የመከራውን መነሻ እየጠየቁ ይሰሙ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ራዲዮው ጦርነቱን፥ የመርከቡን መስጠም፥ የቡናውን ዋጋና የኳሱን ውጤት በአንድ ትንፋሽ ያሰማዋል። የተናጋሪው ድምፅ ለሁሉም አንድ ነው። የሰሚውም ልብ ለሁሉም አንድ እንዳይሆን እንሰጋለን።

ይህን ስናስብ ትዝ የሚለን የጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ ነው። ዕለቱ ሰኞ፥ የጾመ ነነዌ መጀመሪያ ነበረ። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችንን ስለ ገጠማት ፈተና ብዙ ምእመናን ጥቁር ለብሰው ወደ ጸሎት ይሄዱ ነበር፤ የራስ ሐዘን የሌላውን ሐዘን የሚያስረሳበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው። በዚያው ሌሊት ከ10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ በቱርክ ደቡብና በሶርያ ሰሜን ምድር ተናወጠች፤ ከቀትር በኋላም ዳግመኛ ተናወጠች። በማለዳው ሙታንን በመቶ ይቈጥር የነበረው ራዲዮ በማግሥቱ በሺህ ቈጠረ፤ በመጨረሻም ቍጥሩ ከ50,000 አለፈ። ከፈረሱት ከተሞች አንዲቱ አንጾኪያ ናት።

አንጾኪያ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለችም። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት፥ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ በጵጵስና የተቀመጠባት፥ ዮሐንስ አፈወርቅ ተወልዶ ያስተማረባት፥ ሳዊሮስ ፓትርያርክ ሆኖ የተሾመባት ከተማ ናት። በጴጥሮስና በጳውሎስ ስም የተሠራው የግሪክ ኦርቶዶክሳውያን ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ቀን ፈረሰ።

እንግዲህ ጾመኛው ይህን በሰማ ጊዜ፥ ነነዌ በንስሐ ዳነች፤ እነዚህ ግን ባለመመለሳቸው ጠፉ የሚል አሳብ ወደ ልቡ ቢመጣ አያስደንቅም። አሳቡ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ለስብከትም ያመቻል። እኛ ግን ጌታችን አስቀድሞ የዘጋው በር ነው እንላለን። ወሬ ነጋሪዎች መጥተው ጲላጦስ ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ባወሩለት ጊዜ፥ የሞቱት ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ብለው እንዳያስቡ ከለከላቸው፤ እነርሱ ያላነሡትንም፥ በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎች፥ ራሱ ጨምሮ አነሣባቸው (ሉቃ. 13)። ግንቡ ለምን እንደ ወደቀ ግን አልነገራቸውም። ንስሐን የፈለገው በሕይወት ቆመው ወሬውን ከሚያወሩት ነበር።

የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት በዚያ ሥፍራ የምድር ንጣፎች እርስ በርሳቸው እንደሚገፋፉ ያስረዳሉ። ከወደቁት ሕንፃዎች ብዙዎቹም የግንባታው ሕግ ያልተጠበቀባቸው እንደ ነበሩ ታውቋል። ኃጢአተኛ መፈለግ ግድ ከሆነ፥ በአልጋው የተኛውን ሕፃን ትቶ ብረቱንና ሲሚንቶውን ያጐደለውን መጠየቅ ይሻላል፤ ይህም ቢሆን የዳኛ ሥራ ነው። ደግሞስ በ2017 ዓ.ም. በአፋር፥ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፥ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፥ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፥ እኛ ከሌላው ይልቅ ስለ በደልን ነው ያለ ማን ነበረ?

ከነነዌ ውጭ ዳስ ሠርቶ የከተማይቱን መጨረሻ ሊያይ የተቀመጠው ዮናስ፥ ራዲዮ ባይኖረውም፥ የዜና ሰሚን ወንበር የያዘ ይመስለናል። ስለ ቅሉ መድረቅ አዘነ፤ ስለ 120,000ው ነፍስ ግን አላዘነም። እግዚአብሔር ግን ከሰዎቹ ጋር እንስሶቹን እንኳ ቈጠረለት (ዮናስ 4)።

የጥንት አንጾኪያውያን ወሬን እንዴት እንደ ሰሙ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ተጽፏል። አጋቦስ ከኢየሩሳሌም ወርዶ ታላቅ ረኃብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜ ረኃቡ በማን ኃጢአት እንደ መጣ ሲመረምሩ አልተገኙም። እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አዋጥቶ በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ረኃቡን በዓይናቸው አላዩትም፤ የሰሙት ብቻ ነበር፤ እርሱም ስለ ሌላ አገር።

እንግዲህ ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ የማለዳውን ኪዳን ስታደርሱ ስለ ሕሙማን፥ ስለ መንገደኞች፥ ስለ ሙታን የሚደርሰው መስተብቍዕ ስማቸውን ለማናውቃቸው ሁሉ የተሠራ ነውና፥ በዚያ ጠዋት የተሰማውን አገር በልባችሁ ይዛችሁ አድርሱት። እናንተም ምእመናን፥ ዜናው ሲያበቃ ወደ ሥራችሁ ሳትነሡ ለዚያ አገር አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። እጃችን ለማይደርስበት ለሩቁ ጸሎቱ ይላክ፤ ከቤቱ ተፈናቅሎ በደጀ ሰላማችን ለተጠለለው ግን በጾሙ የተረፈው የምሳ ዋጋ ይሰጠው።